ለቤት ሞኞች ውዳሴ

ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ተምሬአለሁ የሚል ሰው በጎጃም የትኛውም ደብር ቢገባ ይከበራል። ከብቸናና ከደብረ ወርቅ ብዙም የማይርቀው ይህ ገዳም በቅኔ ቤቱና በብራና መጻሕፍቱ ስሙ የወጣ ነው። ስለ መምህራኑ ሊቅነት ብዙ ተብሏል። ስለ ተማሪዎቹ ለምድና አኮፋዳ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ከደጅ ደጅ ሲዞሩ ስለሚያባርራቸው ውሻ ሳይቀር ተወርቷል። ስለ መምህራኑ ሚስቶች ግን ሲወራ አልሰማሁም። እኔ ያደግሁት ከእነዚያ መምህራን ቤቶች በአንዱ ነው። ስለዚህ የተረሱትን ላወድስ ተነሥቻለሁ፤ የማወድሰውም ጥበባቸውን ሳይሆን ሞኝነታቸውን ነው። የምሬን ነው የምናገረው።

ሞኝነት ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ልናገር። ትዳር ውስጥ ማንንም የማይጎዱ፣ ግን በየቀኑ የሚቆረቁሩ ነገሮች አሉ። አንዱ በሩን ከፍቶ ይወጣል፤ አንዷ ያለቀውን የበርበሬ ዕቃ መልሳ መደርደሪያው ላይ ታስቀምጣለች። አንዱ ሻይ ሲጠጣ ድምፁ ከጓዳ ይሰማል፤ አንዷ መንገድ ከተጀመረ በኋላ «ቆልፈኸዋል?» ብላ ታቆመዋለች። ብልጥ የምንለው ሰው እነዚህን ሁሉ ይይዛል፤ የጠብ ቀን ሲመጣ ከነቀናቸው ያወጣቸዋል። ሞኝ የምንለው ደግሞ ያያል፣ ይቆረቁረዋል፣ ከዚያ በሩን ዘግቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። ነገም በሩ ይከፈታል፤ ነገም ይዘጋዋል። ጎረቤት «ምን ዓይነቱ ነው፣ አንድ ቀን እንኳ አይናገራትም!» ይላል። የእኔ ምስጋና ለዚህ ሰው ነው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ሲባል ለነቀፋ ነው፤ ትዳርን ያህል ነገር ለያዘ ሰው ግን ከዚህ የሚበልጥ ሙገሳ አላውቅም።

አባቴ ቅኔ የሚቆጥረው ሌሊት ነበር። የቅኔ ተማሪ ለምዱን ተከናንቦ ጫካ ይገባል፤ ወይም ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ይቀመጥና ቃል ከቃል እያጋጠመ፣ ዜማው እንዳይሰበር በጣቱ እየለካ፣ ሰሙን ከወርቁ እያስማማ ያወጣል ያወርዳል። ሁለት ቤት ባለው በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እያደር ስምንት ቤት ካለው ከመወድስ ይደርሳል። በዚያ ሰዓት ቢጠሩት አይሰማም፣ ከፊቱ ቢቆሙ አያይም። ተማሪ ሳለ ይህን ጠባዩን የሚችልለት ጫካው ነው። አግብቶ ጉባኤ ሲዘረጋ ግን ጫካውን ይዞት ቤት ይገባል።

ቤታችን አንድ ክፍልና አንድ ጓዳ ነበር። መሐሉ ላይ ምሰሶ ቆሟል፤ ከምሰሶው ወዲህ መደቡ፣ ወዲያ ምድጃው። አባቴ ጋቢውን እስከ ግንባሩ ተከናንቦ ከመደቡ ይነሣና ከምሰሶው እስከ በሩ ይመላለሳል። ባዶ እግሩን ስለሚሄድ እርምጃው አይሰማም፤ የሚሰማው ጣቱ ነው። ምሰሶው ጋ በደረሰ ቁጥር በጠቋሚ ጣቱ ሦስቴ አራቴ ይመታዋል፤ የቅኔውን ቤት እየለካ ነው። ያጉረመርማል። ዝም ይላል። እናቴ እንቅልፍ ሊወስዳት ሲል «ኧኸ!» ይላል። ደግሞ ዝም። በጨለማ የጀሪካኑን ክዳን ረግጦ ያንከባልለዋል፤ ክዳኑ የት እንደገባ የሚታወቀው ጠዋት ነው። በመጨረሻ ሲሞላለት ወደ መደቡ ይመጣና ትከሻዋን ነካ አድርጎ «ሰማሽ?» ይላታል። ሊነጋጋ ሲል እንስራ አዝላ ምንጭ የምትወርደው ሴት ቀና ትላለች፤ ጉንጯን በእጇ ደግፋ ስምንቱን ቤት በሙሉ ታዳምጣለች። በግዕዝ። ግዕዝ አታውቅም።

በጎጃም ሴት ቅኔ አታውቅም ማለቴ አይደለም። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን የመሰሉ፣ ዓይነ ስውር ሆነው ጉባኤ ዘርግተው ወንዶቹን ያስተማሩ መምህርት የወጡት ከዚሁ አገር ነው። እናቴን ግን ያስተማራት አልነበረም። ሰምታ ስትጨርስ «እሰይ! እሰይ! ያበርታዎ!» ትላለች። አባቴ ረክቶ ይተኛል። የእሷ እንቅልፍ ግን አንዴ ሄዷል።

እናቴስ? እናቴ እሳት ትፈራ ነበር። ማታ ፍሙን በዐመድ ታዳፍናለች፣ ዐመዱን በእጇ ትደለድላለች፣ ከዚያ መደቡ ላይ ወጥታ ትተኛለች። ጥቂት ቆይታ «እሳቱን አዳፍኛለሁ?» ትላለች። የሣር ክዳን ቤት ያደገ ሰው ይህ ፍርሃት ይገባዋል፤ አንዲት ፍንጣሪ ቤቱንም ጎተራውንም ትበላለች። ቤታችን ቆርቆሮ ከለበሰ በኋላም ግን ጥያቄው አልቀረም። አንዳንዴ ተነሥታ ታያለች፤ ተመልሳ ተኝታ ደግሞ ትጠይቃለች። ይህም ጥያቄ የሚመጣው አባቴ ሰባተኛውን ቤት ጨርሶ ስምንተኛውን ሊገጥም ሲል ነው። ቅኔ የቆጠረ ሰው ያውቀዋል፤ በዚያች ሰዓት ያመለጠ ቃል ተመልሶ አይመጣም፣ ሌላ ይፈለግለታል እንጂ። አባቴ ይቆማል። ጣቱ ምሰሶው ላይ እንዳለ «አዳፍነሻል» ይላታል። ከዚያ ከመጀመሪያው ቤት ይነሣል።

ይህ ሰው ዜማ የሰበረ ተማሪ ፊቱ የማይቆምለት ሰው ነበር። በቃል ቀልድ አያውቅም። ለእሷ ግን በየሌሊቱ ያቺኑ አንድ ቃል ይመልሳል። ሄዶ አይቶ አይደለም፤ ከምሰሶው ሆኖ በጨለማ ምድጃው አይታየውም። እንደምታዳፍን ስለሚያውቅ ነው። «ስንት ጊዜ ልንገርሽ!» ሲል ሰምቼው አላውቅም። ይህችን አባባል ልብ በሉልኝ። በየቤቱ የሚሰማው የብልጥ ንግግር ይህ ነው፤ ተናጋሪው መልስ አይፈልግም፤ ቁጥሩ በእጁ እንዳለ ማስታወቁ ነው።

የሞሰቡም ነገር አለ። አባቴ ተማሪ ደጅ ሲቆም ሞሰቡን ከፍቶ የተገኘውን ያነሣና ይሰጣል፤ ለእናቴ አይነግራትም። ከዚያ እንግዳ ይመጣል። ሞሰቡ ሲከፈት ባዶ ነው። የባለሙያ ሴት ስም የሚጠፋው በዚህ እንደሆነ አገር ያውቃል። እናቴ አልተናገረችውም። ጓዳ ወንፊት ደፍታ ከሥሩ ሁለት ሦስት እንጀራ ማስቀመጥ ጀመረች። አባቴ ስለ ወንፊቱ አልጠየቀም፤ እሷም ስለ ሞሰቡ አላነሣች። ተማሪውም ሳይከለከል፣ እንግዳውም ሳይራብ ብዙ ዘመን ታለፈ።

የሆላንዱ ሊቅ ኤራስመስ በ1509 እ.ኤ.አ. ለንደን፣ በወዳጁ በቶማስ ሞር ቤት ተቀምጦ ሞኝነትን የሚያወድስ መጽሐፍ ጽፏል፤ በ1511 ፓሪስ ላይ ታተመ። በመጽሐፉ የምትናገረው ሞኝነት ራሷ ናት፤ ሴት ሆና ሕዝብ ፊት ቆማ ስለ ራሷ ትመሰክራለች። ሊቃውንቱንም፣ ነገሥታቱንም፣ ጳጳሳቱንም አትምርም። ስለ ትዳር ስትናገር ግን፣ እሷ ባትኖር ኖሮ አስቦ የሚያገባ ሰው እንደማይገኝ፣ ካገቡትም ብዙዎቹ እንደማይዘልቁ ትከራከራለች፤ ማቆላመጡ፣ ቀልዱ፣ አይቶ እንዳላዩ ማለፉ የእሷ አሽከሮች እንደሆኑና ቤቱን ያቆሙት እነሱ እንደሆኑ ታስረዳለች። ኤራስመስ ካህን ነበር፣ ሚስት አላገባም፤ የጻፈውም ምጸት ነው ይባላል። እኔ ግን ይህን ቦታ እንደ ምስክር ቃል ነው የተቀበልሁት። «እሰይ» የምትለዋን ሴት አውቃታለሁና። ኤራስመስ ቢያያት ከማቆላመጥ ይቆጥርባት ይሆናል፤ እኔ አልቆጥርባትም። የቅኔው ወርቅ አልገባትም፤ ባሏ እንደሞላለት ግን ገብቷታል፤ እሰይ ያለችውም ለዚያ ነው። ውሸት የለበትም።

ከኤራስመስ ወዲህ ጥናት መጣ። ጆን ጎትማን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ሲያትል ላይ፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ እየቀረጸ ለብዙ ዓመታት አጥንቷል። ከዓመታት በኋላ መልሶ ሲጠራቸው ብዙዎቹ ያንኑ ጭቅጭቅ ይዘው መጡ፤ ፀጉራቸውና ልብሳቸው እንጂ ነገሩ አልተለወጠም። ባልና ሚስት ከሚጋጩባቸው ነገሮች ከመቶ 69 ያህሉ ከጠባይና ከአኗኗር ልዩነት የሚመጡ፣ መፍትሔ የማይገኝላቸው ናቸው ይላል። አብረው የዘለቁትም ፈትተዋቸው አይደለም፤ አብረዋቸው መኖርን ለምደው ነው። ትዳር ሊፈርስ መሆኑን ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው ምልክት ደግሞ ንቀት ነው፤ ማሽሟጠጥ፣ ማፌዝ፣ ዓይን ማገላበጥ።

ይህን በጎጃም ሽማግሌ ሆኖ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ባልና ሚስት ተጣልተው ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ ነገሩ ከጨው ይነሣል። ወጡ ጨው በዝቶበት ነበር፤ እሱ ተናገረ፤ እሷ መለሰች። ሽማግሌዎቹ «እሺ፣ ከዚያስ?» እያሉ ይሰማሉ። ትንሽ ቆይቶ ሚስቲቱ «ስንቱን ችዬለት!» ትልና ዝርዝሩ ይመጣል። የዛሬ ሦስት ዓመት በእንግዳ ፊት ያላት፣ ባለፈው ክረምት እናቷን ሳይጠይቅ የቀረው፣ በሬ ሲሸጥ ሳያማክራት የዋለው። እሱም በተራው የራሱን ያወጣል። መጨረሻ ላይ ሁለቱም የሚሉት አንድ ነው፦ «ጨው በዛ ብዬ አይደለም፣ ናቀችኝ ብዬ ነው»፤ «እኔም ናቀኝ ብዬ ነው»። 

እዚህ ላይ ነው ታጋሽና ሞኝ የሚለያዩት፤ አንባቢም እንዳያምታታብኝ እለምናለሁ። ታጋሽ ይችላል፣ ግን ይመዘግባል። ቀኑ ሲደርስ ከነወለዱ እንደሚጠይቅ አበዳሪ ነው። «ስንቱን ችዬልሃለሁ» ሲል ያስከፍላል። ሞኙ ግን የሚያወጣው ዝርዝር የለውም። እናቴን ስለ አባቴ ሌሊት ብጠይቃት «የቱ ሌሊት?» ነበር የምትለኝ። የማወድሰው መቻሏን ብቻ አይደለም፤ አለመያዟን ነው። ትዕግሥትን ሰው ሁሉ ያመሰግናል፤ በየስብከቱም በየሠርጉም ስሙ ይነሣል። ሞኝነት ግን በእኛ አገር እስከ ዛሬ ጠበቃ አላገኘም፤ ይህ ትክክል አይመስለኝም።

ሕጉም ቢሆን ስለ እነዚህ ጥቃቅን ነገሮች የሚለው የለውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለፍቺ ከባድ ምክንያት ብሎ የዘረዘራቸው ጥቂት ናቸው፤ ምንዝር አንዱ ነው፣ ቤት ጥሎ ሁለት ዓመት መጥፋት ሌላው ነው። ነገሩን በመጀመሪያ የሚያዩትም የቤተ ዘመድ ዳኞች ነበሩ። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ፍቺን ለፍርድ ቤት ሰጠው፤ ተስማምተው የሚፋቱ ባልና ሚስት ምክንያታቸውን እንዲናገሩ እንኳ አያስገድድም። የአማራ ክልልም በ1995 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። የተከፈተው በርና የተረገጠው ክዳን በአንዱም መዝገብ አልሰፈሩም። የትዳር ትልቁ ክፍል ግን የሚያልፈው እነሱ መሐል ነው።

አሁን የምትቃወሙኝ አላችሁ። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» ትሉኛላችሁ። እውነታችሁን ነው። በብዙ ሴት ደጃፍ ብዙ ሞፈር ተቆርጧል። በእኛ አገር ሙሽራ ስትሸኝ ዘመድ ጆሮዋ ላይ የሚጥለው ቃል «ቻይው» ነው። ሙሽራውን ወደ ጎን ጠርቶ «ቻላት» የሚለው ማን ነው? በሠርግ ስንት ቦታ ተቀምጬ ይህን ስጠብቅ ኖሬአለሁ። አባቶች ይመርቃሉ፣ ውለዱ ክበዱ ይላሉ፣ መቻሉን ግን ለእሷ ብቻ አሸክመው ይሄዳሉ። በዚህ ተቆጥቼ ነው የምጽፈው። አንዱ ብቻ ሞኝ የሆነበት ቤት ሞፈር የሚቆረጥበት ቤት ነው፤ ሁለቱም ሞኝ ሲሆኑ ግን ቆራጭ አይኖርም።

እናቴ ስትዳር ልጅ ነበረች። በዚያ ዘመን በእኛ አካባቢ ሴት ልጅ አካሏ ሳይጠና መዳሯ የተለመደ ነበር። ልጅ ደግሞ አትችልም፣ ትፈራለች እንጂ። ፍርሃትና መቻል ከውጭ ሲያዩአቸው አንድ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ዝም ይላሉ። የ1992ቱ ሕግ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት ካልሞላ ጋብቻ የለም ማለቱ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው አንቀጽ ነው፤ ሞኝ መሆን የሚችለው እንቢ ማለት የሚችል ሰው ብቻ ነውና። እናቴን ከፍርሃት ያወጣት ያቺ «አዳፍነሻል» የምትለው የአባቴ ቃል ትመስለኛለች። ባሏ የእሷንም ነገር እንደሚሸከም ያየች ዕለት፣ የእሱን መሸከም በፍርሃት የሚደረግ ነገር መሆኑ ቀረ። መጀመር የነበረበት እሱ ነው፤ ጀመረም።

ውዳሴዬም ለማይገባው እንዳይውል ድንበሩን ላስምር። እጁን የሚያነሣ ባል «ጠባዩ ነው» አይባልም። ጤፉን ገበያ ወስዶ ዋጋውን አረቄ ቤት ጨርሶ የሚገባም ጠባዩ ነው አይባልም። ሚስቱ የት እንደዋለች በየሰዓቱ የሚመረምርም፣ የቤቱን ገንዘብ የምትሸሽግም እንዲሁ። ለእነዚህ ዝም ያለ ሰው ሞኝ አይደለም፤ የተጨነቀ ነው። የሚያስፈልገው የሚደርስለት ሰው ነው።

ይህንን ድንበር ከሁሉ አጥርተው ያሳዩን ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። በ1958 ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ዲማን አገር ሁሉ አወቃት። በዚያ መጽሐፍ ዲማ ላይ ጠባያቸው የተለየ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ ፊታውራሪ መሸሻ ናቸው። ትልቅነታቸው ሲነገራቸው አይጠግቡም፤ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል በዘር የሚመጥናት ባል ሲመርጡ ዕድሜዋን አሳለፉባት፤ ከገባሮቻቸው ጋር ጦር እስከ መማዘዝ ደረሱ። ይህን ሁሉ ቤተሰቡ ይችላል፣ ዘመድም ይችላል። ሌላው ጉዱ ካሳ ነው። ስሙ ካሳ ዳምጤ ነው፤ ንግግሩም አኗኗሩም ስላልጣመው የዲማ ሰው «ጉዱ» አለው። ማንንም አልበደለም። ዲማ የፊታውራሪን ችላ የጉዱ ካሳን መቻል አቃታት። እኛም በየቤታችን የምናደርገው ይህንኑ ነው። ትልቁን ጥፋት ፈርተን እናልፋለን፣ ወይም «ምን ይደረግ» እንላለን፤ ሻይ ሲጠጣ ድምፅ ለሚያሰማው ግን ትዕግሥታችን ያልቃል። እኔ የምጠይቀው ይህ እንዲገለበጥ ነው።

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ከተማው 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ የጠዋቱ ብርድ ቀልድ አያውቅም። ባለቤቴ ጠዋት ሲወጣ በር አይዘጋም። የሕፃናቱ ብርድ ልብስ፣ የእኔ ትኩስ ሻይ፣ የምድጃው ሙቀት፣ አንዱም አያስታውሰውም፤ ልቡ ቀድሞት ሄዷል። እኔ ደግሞ ፌስታል አልጥልም። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ታጥፎ አንዱ በአንዱ ውስጥ ይገባና ከበሩ ጀርባ ይሰቀላል፤ እሱ አንድ ሊያወጣ ሲስብ ሁሉም ይፈስበታል። ጎንበስ ብሎ ይሰበስባቸውና መልሶ ይጠቀጥቃቸዋል፤ እኔ እንደማጥፈው ባይሆንም። እኔም በሩን እዘጋለሁ። ይህን የምጽፈው እኛ ከሌላው እንሻላለን ለማለት አይደለም፤ ቅኔም ሊቅነትም በሌለበት ተራ ቤት እንኳ ነገሩ እንደሚሆን ለማሳየት ነው።

ባለፈው ጥር የተዳረችው የእህቴ ልጅ ከባሏ ጋር ለፋሲካ ልትጠይቀኝ መጣች። አቦሉ ከተጠጣ በኋላ ጠጋ አለችና፣ እሱ እየሰማ፣ «እትዬ፣ እርጥብ ፎጣ አልጋ ላይ ይጥላል። ልንገረው ወይስ ልቻለው?» አለችኝ። «ስለ ገንዘቡ፣ ስለ መጠጡ፣ ስለ እጁ የሚነገር ሲኖር ንገሪው፣ ዛሬውኑ ንገሪው። ፎጣውን ግን አንሥተሽ ስቀዪው» አልኋት።

«እሱስ የኔን ይችላል?»

«ጠይቂው።»

ልጁ ዱካ ላይ ተቀምጦ ስኒውን እያዟዟረ መሬት መሬት ያያል። መናገር አልፈለገም። እሷ ግን አልለቀቀችውም፤ ንገረኝ ነው የምትለው። በግድ «ቡና ጀምረሽ አትጨርሺም» አላት። ጀምራ የተወችው ስኒ መስኮቱ ላይ ይገኛል፣ ቴሌቪዥኑ ሥር ይገኛል፣ አልጋው ራስጌ ይገኛል፤ አንድ ቀን ጫማ ማስቀመጫው ውስጥ ተገኝቷል። ጠዋት ሥራ ከመሄዱ በፊት እየዞረ ይሰበስብና አጥቦ ረከቦቱ ላይ ይመልሳቸዋል። ልጅቷ ስኒዎቹ ሁልጊዜ ረከቦቱ ላይ የነበሩ ይመስላት ነበር።

«የቱን ስኒ?» አለች።

ቦታዎቹን በጣቱ እየቆጠረ ነገራት። ፊቷ ቀላ፤ ከዚያ ተቆጣች። «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርኸኝም?»

«ምን ብዬ?» አላት።